ከቸርችል እስከ ምን አለሽ ተራ፦ አሮጌ ዕቃ ፍለጋ

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ጃንሆይ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የቆመ ነው። ሠሪው ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ ነው። ሰውየው ግን በአንበሳ አላበቃም። በ1969 እ.ኤ.አ. «ቡመራንግ» የሚባል የፋይበርግላስ የቢሮ ጠረጴዛ ነደፈ። ዛሬ ያ ጠረጴዛ አውሮፓ ውስጥ ለጨረታ ሲወጣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዕቃ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በአንበሳው በኩል ባለፍኩ ቁጥር ስለ ወንበርና ጠረጴዛ ነው የማስበው። ምን ላድርግ፣ ልክፍት ነው።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። አዲስ አበባ ስመጣ ለሰው «ዘመድ ልጠይቅ ነው» እላለሁ። ዘመዱንም እጠይቃለሁ፤ ልቤ ግን አሮጌ ዕቃ ላይ ነው። ያውም ብዙ ያረጀውን አይደለም። የምፈልገው እናቶቻችንና አያቶቻችን ጎጆ የወጡበትን ዘመን ዕቃ ነው፤ ከ1940ዎቹ እስከ 60ዎቹ ያለውን። እግሩ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ ወንበር፣ የባክላይት ቁልፍ ያለው ራዲዮ፣ ትልልቅ አበባ የተሳለበት የቻይና ትሪ። የዚህ ዘመን ዕቃ ጠባቂ የለውም። ሙዚየም ለመግባት ገና ልጅ ነው፤ ሳሎን ለመቀመጥ ደግሞ አርጅቷል ተብሏል።

አብሮኝ የዞረው የአክስቴ ልጅ ነው። ፒያሳ ተወልዶ ፒያሳ ያደገ፣ ዋጋ ክርክር ላይ ምሕረት የማያውቅ ልጅ። ገና ከታክሲ ሳንወርድ «አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ላውራ» አለኝ። ዕቃ ስወድ ፊቴ ያሳብቃል፤ ነጋዴ ደግሞ ፊት ያነባል። ተስማማሁ።

ከለገሃር ተነስተን ቸርችልን ሽቅብ ተያያዝነው። የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። መስቀል፣ የብር ጌጥ፣ ማርትሬዛ ብር፣ ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ ጭምብል፣ የብራና መጽሐፍ። ብራናና መስቀል አልነካም። አንዳንዱ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት እንደወጣ እግዜር ይወቀው። ሕጉም ቀልድ አያውቅም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እኔ ወደ ውጭ የምልከው ባይኖረኝም፣ የተሰረቀ መስቀል ሳሎኔ ሰቅዬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዓይኔ የሚሄደው ባለሱቁ ለፈረንጅ ወደማያሳየው ጥግ ነው። አንዱ ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከተጠቀለለ ምንጣፍ ጀርባ፣ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና አገኘሁ። ኦሊቬቲ። አቧራውን በመሐረቤ ጠረግሁት። የአማርኛው መኪና ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ፊደላችን ከነዝርያው ከ200 በላይ ነው፤ ቁልፎቹ ግን ሃምሳ አይሞሉም። ስለዚህ ጸሐፊዋ መጀመሪያ ዋናውን ፊደል ትመታለች፤ ከዚያ እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁልፍ ትቀጥልለታለች። የድሮ ደብዳቤ ላይ አንዳንዱ ፊደል ከነጭራው ፈንጠር ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። መንገዱን የጀመሩት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። አንዱን ቁልፍ ጫን አልኩት፤ ክንዱ እስከ ግማሽ መጣና ቆመ።

«ስንት ነው?» አለ የአክስቴ ልጅ፣ ሌላ ዕቃ እያየ።

«ሃያ አምስት ሺህ። አንቲክ ነው እኮ ወንድሜ።»

«የማይጽፍ?»

«አንቲክ ይጽፋል እንዴ?»

ይህ መልስ አሳቀኝ፤ ሃያ አምስት ሺህ ብር ግን አላስወጣኝም።

ቸርችል ላይ ሁሉም ነገር አንቲክ ነው። መርካቶ ሲደርሱ ደግሞ ምንም ነገር አንቲክ አይደለም፤ ሁሉም በኪሎ ነው። የእኔ ሲሳይ በሁለቱ መሀል ነው ያለው።

ዳገቱ ጫፍ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ አለ። ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዘዲሚ የነደፈው ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም የእሱ ነው። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ሲከፈት የድሮ ዕቃዎቹም አብረው ታድሰዋል። ያን ስሰማ ትንሽ ቀናሁ። አንድ ሕንፃ ውስጥ የነበረ ወንበር ቅርስ ተብሎ ሲጠገን፣ በዚያው ዘመን የተሠራው ወንድሙ መርካቶ ውስጥ ማገዶ ለመሆን ተራ ይጠብቃል።

ፒያሳ ላይ ብዙ አልቆየንም። ቶሞካ ገብተን ቆመን ማኪያቶ ጠጣን። ቤቱ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ቁሞ የመጠጣት ልማዱም አብሮት አለ። ወጥተን ወደ ዶሮ ማነቂያ አቅጣጫ ስንሄድ የአክስቴ ልጅ ዝም አለ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል። እዚህ ጋ እነ እገሌ ቤት ነበር ለማለት እንኳ የሚይዘው ምልክት አጣ።

እዚህ ላይ አንድ የሚጎረብጠኝ ነገር አለ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ገበያው የሚደራው ሰፈር ሲፈርስ ነው። ቤት ሲለቀቅ ዕቃ ይወጣል። ጠባብ ቤት የሚገባ ሰው ሰፊውን ቡፌ ይዞ አይሄድም። አክስቴም የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲደርሳት የሆነው ይኸው ነው። ቡፌዋን አስታውሰዋለሁ። ተንሸራታች መስታወት ነበረው፤ ጀርባውም መስታወት ስለሆነ ስኒዎቹ እጥፍ ሆነው ነበር የሚታዩት። ላዩ ላይ ራሷ የሠራችው ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ፐርሙዝ። ደረጃው ላይ መታጠፊያው አላሳልፍ አለ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ቆራሌው ወሰደዋ። ምን ይሠራል? ቲቪ አያስቀምጥ!»

ለመሆኑ ቆራሌው የወሰደው የት ይደርሳል? ብዙው መርካቶ ነው። ጠዋት ጠዋት በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ጠርሙሱን፣ ድስቱን፣ የተሰበረ ወንበሩን በጆንያ ይሰበስባል። ልዋጮች ደግሞ የእናቶቻችንን የኢናሜል ትሪ በፕላስቲክ ሳፋ ይለውጣሉ። ብረታ ብረቱ ዞሮ ዞሮ ምን አለሽ ተራ ይገባል።

ምን አለሽ ተራን በዓይን ከማየት በፊት በጆሮ ነው የሚደርሱበት። መዶሻ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። እዚህ ማንም የዕቃን ዕድሜ አይጠይቅም። የሚጠየቀው ከምን እንደተሠራ ነው። ብረት ነው? አልሙኒየም ነው? መዳብ ነው? ነሐስ ከሆነ ሚዛኑ ይቀርባል።

አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ፊት የክምር ብረት አለ። ከሥሩ አንድ አንገት ወጣ ብሏል፤ የሚታጠፍ፣ እንደ ፈለጉት የሚጎብጥ አንገት። ጎትቼ ሳወጣው የጠረጴዛ መብራት ነው። መቀመጫው ክብ ነሐስ። ክዳኑ ከውጭ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከውስጥ ነጭ ቀለም የተቀባ ላሜራ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ የተላጠ። ገመዱ በጨርቅ የተሸፈነ፣ የድሮው ዓይነት። ማብሪያው አንገቱ ላይ ነው፤ ስጫነው አሁንም ቀጭ ይላል። የአክስቴ ልጅ ተቆጣኝ፤ ሁለት እጄን አጣብቄ ይዤው ስለነበር ነገሩ ሁሉ ተበላሽቷል።

«ጋሼ፣ ስንት ነው?»

ሰውዬው መብራቱን ተቀበሉኝና ገለበጡት። ከዚያ ክዳኑን ሊነቅሉ ጉጠት አነሱ።

«ኧረ ጋሼ፣ አይንቀሉት!»

«ካልነቀልኩት እንዴት ይመዘናል ልጄ?»

«እንዳለ ነው የምፈልገው።»

አዩኝ። ቀጥሎ የአክስቴን ልጅ አዩት፤ «ደህና ናት?» ለማለት ይመስላል። በመጨረሻ መብራቱን ከነክዳኑ ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ ለክዳኑና ለገመዱ ብለው በግምት ቀነሱ።

«እኔ የምሸጥልሽ ነሐሱን ነው። ክዳኑን በነፃ ውሰጂው። መክፈቻዬ ነሽ።»

እጅ ተመታ፣ ተመራረቅን። ቸርችል ላይ ቢሆን ክዳኑ ነበር የሚያስከፍለኝ።

ወንበሩን ያገኘነው ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ያገለገለ የእንጨት ዕቃ ከሚሸጡት ጋ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያረጀ ንብረታቸውን በጨረታ ያወጣሉ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የጨረታ ገጹን የሚያነብ ያውቀዋል። ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። ስገለብጠው ከመቀመጫው ሥር በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። ላዩ ላይ ርካሽ የፕላስቲክ ቆዳ ተለብጧል፤ ምስማሮቹ ሥር ግን የመጀመሪያው ጨርቅ ቁራጭ ቀርቷል፤ ሰናፍጭ ቢጫ። እንጨቱ ዋንዛ ነው።

አሮጌ የእንጨት ዕቃ ስገዛ ከላይ አላይም። ሁሌም እገለብጣለሁ። ብሎኖቹ አናት ላይ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ብቻ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ የመስቀል ቅርጽ ካለው ወይ ዕቃው አዲስ ነው፣ ወይ በቅርብ ጊዜ እጅ ገብቶበታል። መሳቢያ ካለው አውጥቼ ጥጉን አያለሁ። ጥርስ ለጥርስ የተጋጠመ መሳቢያ ምስማር አይፈልግም። ቺፑድ ከሆነ ጠርዙን በጥፍሬ ስጭረው ብናኙ ይመሰክራል፤ ያን ጊዜ ደህና ዋሉ ብዬ አልፋለሁ። ውኃ የጠጣ ቺፑድ አይታከምም። ዋንዛ ግን በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ቫርኒሽ ሲቀባ እንደገና ሰው ይሆናል። ወንበሩን በአንድ ሺህ አምስት መቶ ወሰድነው። የአክስቴ ልጅ አሁንም ተበላን ባይ ነው።

ሸክላ ፍለጋም ትንሽ ዞረናል፤ ባዶ እጅ። አምሃ እሸቴ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ዛሬ ፈረንጅ አገር ድረስ ፈላጊ አላቸው። የቀረውን ነጋዴዎቹ ዋጋውን ከእኛ በላይ ያውቁታል። በኪሎ የሚሸጥ ሸክላ የለም።

የመጨረሻው ራዲዮው ነው። ፊሊፕስ፣ ባለ አምፖሉ። ከፊት መስታወቱ ላይ የከተማ ስም ተደርድሮበታል፤ ሮማ፣ ፓሪስ፣ ሂልቨርሱም። ባለቤቱ አንድ የራዲዮ ጠጋኝ ናቸው፤ ደንበኛ አምጥቶት ሳይመለስ የቀረ ነው አሉ። ቁልፎቹን በአውራ ጣቴ እስኪሞቁ አሸሁና አሸተትኩ። ባክላይት ሲሞቅ የሆስፒታል ዓይነት ሽታ አለው። ሸተተኝ።

«ልሰካው?» አለ የአክስቴ ልጅ።

«እንዳትነካው!» አልን፣ እኔና ሰውዬው እኩል።

የድሮ ራዲዮ ጀርባው ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል መምረጫ አለው፤ 110፣ 127፣ 220። እኛ ጋ 220 ነው። መምረጫው 110 ላይ ቆሞ ከተሰካ ወዲያው ይጨሳል። ልክ ላይ ቢሆንም ለዓመታት የቆመ ዕቃ ኮንደንሰሩ ይደርቃል፤ ሳይለወጥ አይሰካም። ሲሠራ ደግሞ ወዲያው አይናገርም፤ አምፖሎቹ እስኪግሉ መጠበቅ ነው። ጠጋኙ የጀርባውን ካርቶን ከፍተው አሳዩኝ። አንዱ አምፖል ውስጡ ነጣ ብሏል። አየር ገብቶበታል፣ ሞቷል ማለት ነው።

«ይህን ብሥራተ ወንጌል የሚሰሙበት ሰው ነበሩ ያመጡት» አሉ። ብሥራተ ወንጌል በ1969 ዓ.ም. ደርግ የወረሰው ጣቢያ ስለሆነ፣ ራዲዮው ቢያንስ ከዚያ በፊት ጀምሮ የሚሠራ ነበር ማለት ነው።

በዋጋው ተስማማን። ግማሹን ከፈልኩ፤ ግማሹ ሲናገር ነው። ለአምፖሉ ሌሎች ጠጋኞች ጋ ያፈላልጋሉ። ሥራው ሲያልቅ የአክስቴ ልጅ ሄዶ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል፤ የትራንስፖርቱንም ከእኔ ተቀብሏል። መብራቱን ጭኔ ላይ፣ ወንበሩን የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አድርጌ ወደ ሐዋሳ ወረድኩ። ረዳቱ ለወንበሩ ለብቻው አስከፈለኝ።