ሻማ የሌለበት ቤት

እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ጌይተርስበርግ ነው። ከአዲስ አበባ የደረስኩት በ2015 ዓ.ም. ኅዳር፣ በአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን ዋዜማ ነበር። በዓሉ ደግሞ የነቢያት ጾም ከሚገባበት ቀን ጋር ገጠመ። ያን ሁሉ ወሬዋን የሰማሁላትን ተርኪ፣ የበዓሉን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ፣ ሳልቀምስ ቀረሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 18። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆንም ውጭው ጨልሟል፤ በዚያ ወቅት ቶሎ ነው የሚመሸው። ጭጋጉ ደጅ የቆመችውን መኪና ሳይቀር ውጧታል። እህቴ ሽሮ ጥዳለች። ድንገት ቤቱ ድርግም አለ።

"መብራት ሄደ" አልኩ፣ ምንም ሳይመስለኝ። "ሻማ የት ነው?"

ሻማ የለም። ምድጃው የኤሌክትሪክ ነውና ሽሮው መንተክተኩን አቆመ፤ ማሞቂያውም ቀጥ አለ። እህቴ በስልኳ ብርሃን መሳቢያውን ሁሉ በረበረች። ያገኘችው አንዲት የልደት ሻማ ነው፣ የ"7" ቁጥር። ለኮስናት።

"በርበሬ ይዘህ ና አልን እንጂ፣ መብራት ማጥፋት ማን አዘዘህ?" አለኝ ባሏ። ሳቅን።

ወዲያው የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። "አንክል፣ አውሮፕላን ነው።" ፎቶውን አስጠግቼ አየሁት። የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር የብረት ማማ። በብረቶቹ መሃል አፍንጫዋን የሰካች ትንሽ አውሮፕላን። ከታች ሲያዩዋት መጫወቻ ነው የምትመስለው። ውስጧ ግን ሁለት ሰዎች አሉ፣ በሕይወት። ከመሬት 30 ሜትር ያህል ከፍ ብለው።

ሙኒ የምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ናት። ከኒው ዮርክ፣ ዋይት ፕሌንስ ተነስታ እዚሁ አቅራቢያ ባለው ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ኤርፓርክ፣ ልታርፍ ጥቂት ሲቀራት ነው ማማው ላይ የተሰካችው። አብራሪው ራሱ ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ፣ 911፣ ደወለ። እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ስልክ መደወል! እኔ ብሆን ቁጥሩ ራሱ ይጠፋብኝ ነበር።

ስልካችን ሲያልቅ መኪና ውስጥ ገባን። ቻርጅም ሙቀትም እዚያ ነው። ሽሮው ሳይበስል ቀርቷል፤ ደረቅ እንጀራ እየበላን ዜናውን ተከታተልን። "ለምን ቶሎ አያወርዷቸውም?" እያለች እህቴ ተንገበገበች። ለካ ዝም ብሎ አይወጣም። መጀመሪያ ሽቦዎቹ ኃይል እንደሌላቸው ማረጋገጥ፣ የቀረ ኃይል ቢኖር ወደ መሬት እንዲወርድም ከመሬት ጋር በሽቦ ማያያዝ። ከዚያ አውሮፕላኗ እንዳትወድቅ ከማማው ጋር ማሰር። ያ ሁሉ በጨለማና በብርድ። የመጀመሪያው ሰው የወረደው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ25 ነው፤ ሁለተኛው ከደቂቃዎች በኋላ። እዚያ ላይ ሰባት ሰዓት ያህል ቆዩ ማለት ነው። እህቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ይነቃል ብዬ ተሳቀቅኩ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚህ የተደሰተው የእህቴ ልጅ ብቻ ነው።

መርማሪዎቹ በኋላ እንደጻፉት፣ አብራሪው ለማረፍ ሲቃረብ ከተወሰነለት ከፍታ በታች ወርዶ ነበር።

ከቀናት በኋላ በጎሸን ሮድ በኩል ስናልፍ ባሏ ማማውን በጣቱ አሳየኝ። ከሌሎቹ ማማዎች ምንም አይለይም። ስንመለስ እህቴ ሱቅ ጎራ አለችና አንድ ደርዘን ሻማ ገዛች።

"ይሄ ሁሉ ለምን?" አልኳት።

"አንተ ገና ሁለት ሳምንት ትቆያለህ።"