የከሰዓት በኋላው ቡና

ቡናን ጨርሼ ለመተው አልተነሣሁም፤ የለወጥሁት የምጠጣበትን ሰዓትና ከሰዓት በኋላ በእሱ ፈንታ የማነሣውን መጠጥ ነው። ለዚህ ያበቃኝ የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ማታ ጋደም እንዳልሁ እንቅልፍ ወዲያው ይወስደኛል፤ ነገር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ዓይኔ ይገለጥና ልቤ ከወትሮው ፈጠን ብሎ ሲመታ ትራሱ ላይ በተኛው ጆሮዬ በኩል ይሰማኝ ነበር። ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ሲገኝ፣ የመጨረሻውን ቡና ስንት ሰዓት ላይ እንደምጠጣ ተጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና በራሴ ላይ ያየሁትን እዚህ ላይ አሰፍራለሁ፤ ቡና በጤና ስም ከሚከሰስባቸው ነገሮች ብዙዎቹ የራሱ ሳይሆኑ የሰዓቱና የስኳሩ ሆነው ስላገኘኋቸው ነው።

ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ በነርቭ ሕዋሳት ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋር ሲጣበቅም ድካምና እንቅልፍ እንዲሰማን ያደርጋል። በቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይን፣ በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል እነዚያን ተቀባዮች ቀድሞ ይይዛቸዋል፤ ሥራቸውን ግን አያሠራቸውም። በሰው ወንበር ተቀምጦ ባለቤቱን ቆሞ እንደሚያስጠብቅ እንግዳ ነው። ስለዚህ ቡና ጉልበት አይሰጠንም፤ ድካማችንን እንዳንሰማው ይጋርደናል እንጂ። አዴኖሲኑ በዚያ ሁሉ ጊዜ መጠራቀሙን ስለማያቋርጥ፣ ካፌይኑ ቦታውን ሲለቅ ድካሙ በአንድ ጊዜ ይጫነናል፤ ሁለተኛውን ቡና የሚያስጠራንም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ስሌት ነው። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ከወሰደው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 200 ሚሊግራም ካፌይን የወሰደ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ 100፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ 50 ሚሊግራም ገደማ በሰውነቱ ውስጥ አለ ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው መጠን በአንዲት ትንሽ ሲኒ ኤስፕሬሶ ውስጥ ከሚገኘው ብዙም አያንስም። በእንቅልፍ መካከል ተነሥቶ ኤስፕሬሶ ጠጥቶ ተመልሶ የሚተኛ ሰው ብናይ እንገረማለን፤ ከሰዓት በኋላ የጠጣ ሰው ግን ሳይነሣ ያንኑ እያደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመኝታ ሰዓታቸው 6 ሰዓት ቀደም ብለው 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች እንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አጥሯል። «እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚሉ ወዳጆቼ እውነታቸውን ነው፤ ይተኛሉ፤ ጥያቄው እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው የሚለው ነው።

ያም ሆኖ የ5 ሰዓቱ ስሌት ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። ካፌይንን የሚሰባብረው በጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ፍጥነቱ በውርስ ከሰው ሰው ይለያያል። ሲጋራ ያፈጥነዋል፤ እርግዝናና የወሊድ መከላከያ እንክብል ደግሞ ያዘገዩታል። ሲጋራ ያቆመ ሰው የለመደው የቡና መጠን በድንገት የሚበዛበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን የሚነግረው ሰው ግን እምብዛም አያገኝም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ ጎልማሶች በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ እስከ 200 ሚሊግራም ካፌይን ስጋት እንደማያስከትል አስታውቋል። በማጣሪያ የተዘጋጀ 240 ሚሊ ሊትር ቡና በአማካይ 95 ሚሊግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ለብዙ ሰው ዋናው ችግር የቀኑ ድምር ሳይሆን ድምሩ በየትኞቹ ሰዓታት ላይ እንደተበተነ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቡና በስሙ ከተነሡበት ክሶች ትልቁ የካንሰር ክስ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ቡናን ለፊኛ ካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ ከሚባሉት ነገሮች ጋር መድቦት ነበር፤ በ2016 ማስረጃውን እንደገና መርምሮ ከዚያ ምድብ አወጣው። በዚያው ግምገማ ላይ ግን ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ማንኛውም ትኩስ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ሳያስከትል እንደማይቀር ገልጿል። ተጠያቂው ትኩሳቱ እንጂ መጠጡ አይደለም፤ የጤና መጠጥ የሚባለው የእጽዋት ሻይም እየፈላ ከተጠጣ ከዚህ አያመልጥም። ስለ ጉበት በሽታ፣ ስለ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ስለ ፓርኪንሰን የተደረጉት የክትትል ጥናቶች ደግሞ ቡና ጠጪዎች በነዚህ ሕመሞች የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ያሳያሉ። ከስኳር በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት ካፌይን በወጣለት ቡና ጠጪዎችም ላይ ስለታየ ምክንያቱ ካፌይኑ ብቻ ሊሆን አይችልም። እርግጥ ነው፣ የክትትል ጥናት ዝምድናን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም፤ ለጤናዬ ብዬ ቡና መጠጣት ልጀምር የሚል ሰው ካለ እኔ አልመክረውም።

ጥፋቱ የራሱ የሆነባቸውም አሉ። ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት ስላለው መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ የወረቀት ማጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ደግሞ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘው የብረት ማዕድን በደንብ ወደ ደማችን እንዳይገባ ስለሚያደርግ፣ የደም ማነስ ያለበት ሰው ቡናውን ከማዕዱ ማራቅ ይኖርበታል። ሻይም በዚህ ረገድ ከቡና አይሻልም።

የከሰዓት በኋላውን ቡና ስተው ራስ ምታቱ በማግስቱ መጣ፤ ከዓይኖቼ ኋላ የሚጀምርና ወደ ግንባሬ የሚስፋፋ ድፍን ያለ ሕመም ነበር፤ አንዱን መስመር ደግሜ ደጋግሜ እያነበብሁ ምንም አይገባኝም ነበር። ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ሲጎድል መልሰው ይሰፋሉና ሕመሙ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ካፌይን ያቋረጠ ሰው ይህ ስሜት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምረውና ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይበት ይችላል። የጠዋቱን ስላልተውሁ የእኔ ቀለል ያለ ነበር፤ ቢሆንም ወደ ግማሽ ሲኒ ተመልሼ በዝግታ ቀነስሁት። በአንድ ቀን መቁረጥ ጀግንነት አይመስለኝም፤ ሥራ የሚያስፈታ ራስ ምታት ብዙውን ሰው ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

የሚተካው መጠጥ ላይ ሲደረስ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቡናን ትቶ ወደ ስኳር ይሄዳል። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ያለ ምንም ጭማሪ ከ20 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይበልጥ ይመረጣል በሚለው ልክ ውስጥ የጭማቂ ስኳርም ይቆጠራል። የኃይል መጠጥ የሚባሉት ካፌይኑንም ስኳሩንም አንድ ላይ ይዘው ስለሚመጡ ምትክ አይባሉም። አረንጓዴ ሻይ ካፌይኑ አነስተኛ ቢሆንም አለው፤ ከርከዴ የለውም፤ ነገር ግን የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ ስለሚያደርግ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ቢያማክር ይሻላል።

እኔ የተስማማኝ ዝንጅብል ነው። በስሱ ከትፌ የፈላ ውኃ አፈስበትና ጽዋውን ከድኜ አቆየዋለሁ፤ ክዳኑን ስከፍተው የሚወጣው እንፋሎት አፍንጫን ሰንጎ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ስኳር አያስፈልገውም። ዝንጅብሉ ባልቀናኝ ቀን ካፌይን የወጣለትን ቡና እጠጣለሁ፤ እሱም ጥቂት ሚሊግራም ቢቀረው እንቅልፍ አይነሣኝም። በዚህም ከሰዓት በኋላ ስፈልገው የነበረው ነገር አብዛኛው ትኩስ ጽዋ መያዝና ከሥራ ቀና ማለት እንደሆነ ተረዳሁ። የሌሊቱ መንቃት ጨርሶ ባይጠፋም ከስንት አንድ ቀን ሆኗል። የጠዋቱ ቡናዬ እንዳለ ነው፤ የሚቀረው ስኳሩ ነው። በአንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል አለ፤ ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ ወርጃለሁ፤ ያለ ስኳር ግን እስካሁን ሞክሬ አልጣመኝም።