ጠዋቱን ስጡኝ

ለንደን ውስጥ ሊፍት እጠግናለሁ። ሀበሻ ሥራዬን ሲሰማ «አሪፍ ነው፣ ብር አለው» ይለኛል። አለው። በተለይ የሌሊቱ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ግራ እንዳይገባችሁ።

የእኛ የሌሊት ተራ እንዲህ ነው። ቀን ከ2 ሰዓት እስከ 10 ተኩል መደበኛ ሥራህን ትሠራለህ። ተራህ በደረሰበት ሳምንት ደግሞ ከሥራ ወጥተህ እስከ ማግስቱ ጠዋት ስልኩ ያንተ ነው። ቤትህ ትተኛለህ፣ ከተደወለ ትነሳለህ። ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው ካለ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ ይጠበቅብሃል። ስቀጠር ተራው በአራት ሳምንት አንዴ ነበር። አንዱ ለቀቀ፣ ሦስት ሆንን። ሌላው ወገቡን ታመመ፣ ሁለት ቀረን። ምትክ አልተቀጠረም። «ከእንግዲህ አንድ ሳምንት ገብታችሁ አንድ ሳምንት ታርፋላችሁ» ብሎ የነገረንም የለም። ሮታው (የተራ ሰሌዳው) ላይ ስማችን እየተደጋገመ መጣ፣ በቃ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አልከፋኝም። ተረኛ ለሆንክበት ሳምንት ቋሚ አበል አለ፣ ለወጣህበት ሰዓት ደግሞ የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይታሰባል። በዚያ ብር እቁብ ገባሁ። ለታናሽ ወንድሜ ትምህርት መላክ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ያ ትርፍ የነበረ ብር ከደሞዙ ጋር ተቀላቀለና ያለሱ ወሩ አልደርስ አለ። ባለቤቴ «ይቅርብን» ስትል «ትንሽ እንታገስ» የምለው እኔው ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ኩባንያውን ሳማ፣ እኔም እጄ እንዳለበት እወቁልኝ።

ድካሙ አንድ ቀን ተነስቶ አልጣለኝም። መጀመሪያ ያልጮኸ ስልክ መስማት ጀመርኩ። እረፍት በሆንኩበት ሳምንት እንኳ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብድግ እላለሁ። እሁድ ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፌ አንቀላፋሁና አጠገቤ የቆሙ አባት በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄጄ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ መምህሯ መስኮቱን አንኳኳች። ያኔ ስቀን አለፍነው።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። ጥር ወር፣ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ።

ከጠዋቱ 12 ተኩል ጀምሮ ቆሜያለሁ። ማታ እራት በልቼ ጋደም ልል ስል፣ 5 ሰዓት ከ20 ላይ ተደወለ። ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን፣ በሩ አልዘጋ ያለ ሊፍት። እሱን ጨርሼ ቤት ልደርስ ስል፣ 8 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛው መጣ። ክሮይደን። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ሁለት ልጆች ከጭፈራ ሲመለሱ ተይዘው ኖሯል፣ አንዷ እያለቀሰች ነው። ፍሬኑን በእጅ ለቅቄ፣ ቀስ አድርጌ ወደ ወለል አምጥቼ አወጣኋቸው። ልጅቷ አቀፈችኝ። ይህ የሥራው ደስ የሚለው ክፍል ነው፣ አልክድም።

10 ሰዓት ከሩብ ላይ ሦስተኛው። ሉዊሻም። ሰው የተያዘበት አልነበረም፣ የቆመ ሊፍት ብቻ ነው። እስከ ጠዋት ሊቆይ ይችል ነበር። ግን ውሉ ላይ «ይወጣል» ተብሏል፣ ወጣሁ።

የሕንፃው ሊፍቶች ሁለት ናቸው፣ ሞተሮቻቸው ጣሪያው ሥር አንድ ክፍል ውስጥ። ሁለት ሞተር፣ ሁለት የመቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ዋና ስዊች። አንድ ቁጥርና ሁለት ቁጥር። የተበላሸው ሁለት ቁጥር ነው። እኔ ስዊቹን አጥፍቼ፣ ጓጉንቸሬን ቆልፌበት፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሁልጊዜ የማደርገው ነው፣ እጄ ብቻውን ያውቀዋል። ከዚያ የሁለት ቁጥርን ሳጥን ከፈትኩ። ውስጡ ትንሿ አረንጓዴ መብራት እየበራች ነው። አየኋት። ማየቴን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ኃይል ከተቋረጠ መብራት መብራት እንደሌለበትም አውቃለሁ። ግን ሁለቱ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልተገናኙም። ዝም ብዬ አየኋት።

ያዳነኝ የተግባረ ዕድ መምህሬ ነው። አዲስ አበባ ስንማር «ሽቦ ምስክር የለውም፣ በቴስተር ጠይቀው» ይለን ነበር፣ ሳይጠይቅ የነካን ተማሪ ከክፍል ያስወጣ ነበር። እንደ ልማዴ ቴስተሩን አስጠጋሁት። ከ400 ቮልት በላይ።

ዞሬ ግድግዳውን አየሁ። ጓጉንቸሬ አንድ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል።

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። የሚሠራውን ሊፍት ቆልፌ፣ ኃይል ያለው ሳጥን ውስጥ እጄን ልከት ነበር። ትክክለኛውን ቆለፍኩ፣ አንዱን መልሼ አበራሁ፣ «አይሠራም» የሚለውን ማስታወቂያ ለጥፌ ወረድኩ። ወደ ቤት መንዳት ፈራሁ። እዚያው ቫኑ ውስጥ ጃኬቴን ተከናንቤ ተኛሁ። 2 ሰዓት ከሩብ ላይ አለቃዬ ደወለ። «የት ነህ? የቀን ሥራህ ጀምሯል።»

በኋላ ሳነብ ያወቅኩት ነገር አለ። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል። 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 ይጠጋል። እንግሊዝ ውስጥ ለሹፌር የተፈቀደው ጣሪያ 0.08 ነው። እኔ ያን ሳጥን ስከፍት 22 ሰዓት ሆኖኝ ነበር። ጠጥቼ ብመጣ ያን ዕለት ያባርሩኝ ነበር።

ከእኔ ጋር የቀረው ሌላው ተረኛ ሽማግሌ አይሪሽ ነው። የሆነውን ስነግረው ሻዩን አስቀመጠና ስለ ክላፓም አጫወተኝ። ዲሴምበር 12 ቀን 1988፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ወደ ሥራ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ ክላፓም ጀንክሽን አጠገብ ባቡሮች ተጋጭተው 35 ሰው ሞተ። መንስኤው አንድ ሽቦ ነበር። የምልክት መብራት ሲቀየር አሮጌው ሽቦ አልተቆረጠም፣ ጫፉ አልተሸፈነም፣ ወደ ኋላም አልታሰረም። ተመልሶ ነካና መብራቱ ቀይ መሆን ሲገባው ቀይ ሳይሆን ቀረ። አጣሪው ሽቦውን የተወውን ቴክኒሻን የሥራ ሰዓት ሲመረምር፣ በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የባቡር ጥገና ሰዎች ላይ ገደብ ተበጀ፤ በተራ 12 ሰዓት፣ በሳምንት 72። «ያ ሰውዬ ሰነፍ አልነበረም» አለኝ ሽማግሌው። «እንደኔና እንዳንተ ነበር።»

እኛ የሊፍት ሰዎች የምንጠጋው አብዛኛውን ሠራተኛ የሚገዛውን እ.ኤ.አ. የ1998ቱን የሥራ ሰዓት ደንብ ነው። አካስ የሚባል ነፃ ምክር የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ፣ ደወልኩ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በሳምንት በአማካይ ከ48 ሰዓት በላይ አትሠራም፣ ከዚያ በላይ ለመሥራት ተስማምተህ ካልፈረምክ በቀር። እኔ ፈርሜያለሁ! የመጀመሪያው ቀን፣ የዩኒፎርም ቁጥርና የቫን ወረቀት ስሞላ አብሮ ነበር። ግን ያ ፊርማ የሚነካው 48ቱን ብቻ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ያለኝን የ11 ሰዓት እረፍት አይነካውም። ሥራው እረፍቱን የሚያቋርጥ ዓይነት ከሆነም፣ የተቋረጠውን የሚተካ እረፍት ይሰጡሃል። ፊርማውንም ማንሳት ይቻላል፣ አስቀድሞ በጽሑፍ በማሳወቅ።

ስልኩን አጠገቤ አድርጌ የምተኛበትስ አልኳት። ቤትህ ከሆንክና ነፃ ከሆንክ እንደ ሥራ የመቆጠሩ ነገር ያጠራጥራል አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ8 ደቂቃ ውስጥ ጣቢያ መድረስ ላለበት አንድ የቤልጂየም እሳት አጥፊ የቤት ቆይታውን እንደ ሥራ ሰዓት ቆጥሮለታል። የእኔ 60 ደቂቃ ነው፣ አልተሟገትኩም። ስልኩ ጮኾ ከደጃፌ ከወጣሁ በኋላ ያለው ግን ሥራ ነው። ኩባንያው መንገዱን አይቆጥረውም ነበር።

ዱባይ ቤት ሠራተኛ ለሆነችው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ሳቀች። «አሥራ አንድ ሰዓት? ለአንድ ሰው?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ወሬ ቀየርኩ።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ሁለታችን ገብተን ስንነግረው ወዲያው «ለእያንዳንዱ ጥሪ 10 ፓውንድ ልጨምር» አለ። ሽማግሌው እኔን አየኝ። አንጀቴ ተንሰፈሰፈ፣ እቁቤ ትዝ አለኝ። «ብሩ ይቆይ፣ ጠዋቱን ስጡኝ» አልኩት። አልገባውም። ወረቀት ላይ ጻፍንለት፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የወጣ ሰው፣ ሥራ ከጨረሰበት ደቂቃ 11 ሰዓት ሳይሞላው አይገባም፣ ደሞዙም አይቆረጥም። ሰው ያልተያዘበት ሊፍት እስኪነጋ ይቆያል። የ48ቱንም ፊርማ አነሳን። አምስት ሳምንት ሲያመላልሱን ቆይተው ተስማሙ። ሦስተኛ ሰው ቀጠሩ፣ አራተኛው «ይመጣል» ይባላል።

ገቢዬ ቀነሰ። እቁቡን ወደ ግማሽ ዕጣ አወረድኩት። ወንድሜን «ትንሽ ታገሠኝ» አልኩት፣ አኩርፏል።

ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወጥቼ 12 ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ልጄን ለትምህርት ቤት ጫማ አስሬላት ተኛሁ። 4 ሰዓት ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች፣ እዚያ 7 ሰዓት ነው። ድምፄን ሰምታ ደነገጠች።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?»

«አይ እማዬ፣ ተኝቼ ነው።»

«በዚህ በቀትር? አባረሩህ እንዴ?»

«ኧረ አላባረሩኝም። ሌሊት ስለሠራሁ ጠዋቱ የእኔ ነው። ይከፍሉኛልም።»

ዝም አለች። አላመነችኝም መሰለኝ። «ተኝተህ ይከፍሉሃል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ስልክህን ዝጋና ተኛ።»

እስከ ሰኞ ጠዋት ተረኛ ነኝና መዝጋቱ አልሆነልኝም። ድምፁን ቀንሼ ትራሴ ሥር ከተትኩት።