መጽሔት አንብቤ ፎርድ ፎከስ ገዛሁ፤ ሻንሲ ቁጥሩ ግን ጉድ ሠራኝ

ጅማ ላይ መኪና ልገዛ ነው ያለ ሰው ምክር አያጣም። «ቪትዝ ግዛ» ይሉታል። ኪሱ ጠና ያለ ከመሰላቸው «ኮሮላ» ይሉታል። ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ ሁለቱንም አልገዛሁም። ባለ 1.6 ሞተር ፎርድ ፎከስ ገዛሁ፤ ያውም አሮጌውን፣ የመጀመሪያውን ትውልድ። እስከ ዛሬም የምነዳው እሱን ነው። ይህን የምጽፈው ግን መኪናዬን ላወድስ አይደለም። አንድ የሚያውቅ ሰው ቀደም ብሎ «ስማ፣ ቆይ እስቲ» ቢለኝ ኖሮ ያ ሁሉ መጉላላት አይደርስብኝም ነበር።

ፎከስ ከየት መጣብህ ካላችሁኝ፣ ከመጽሔት ነው። ተማሪ ሆኜ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ልጆች የእንግሊዝ የመኪና መጽሔቶችን እየለቃቀምኩ አመጣ ነበር። ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ጊዜያቸው ያለፈ። ፎከስ ገበያ የወጣው በ1998 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1999 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለ። በ2000 ሰሜን አሜሪካ ላይም ተደገመለት። በተለይ ያስመሰገነው የኋላ እግሩ ነው። በዚያን ጊዜ የእሱ አቻ የሆኑት መኪኖች አብዛኞቹ የኋላ ጎማዎቻቸው በአንድ አግዳሚ ብረት የተያያዙ ነበሩ። በሪቻርድ ፓሪ ጆንስ የሚመሩት የፎርድ መሐንዲሶች ግን እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አይረበሽም ማለት ነው። እንግሊዞቹ ይህን የጻፉት ስለ ጠመዝማዛ የገጠር አስፋልታቸው ነው። እኔ ያነበብኩት የሰፈሬን ኮረኮንች እያሰብኩ ነው።

ብዙ ሰው የመጽሔት ግምገማ አንድን መኪና የሚያስገዛ ይመስለዋል። በእኔ ላይ የሠራው ሥራ ሌላ ነው። ሌሎቹን መኪኖች አስጠላኝ። ኮሮላ ምንም አይጎድለውም። ግን «አስተማማኝ ነው፣ አሰልቺ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በየገጹ እያነበባችሁ ካደጋችሁ፣ ኮሮላ ፊት ቆማችሁ እንኳ ልባችሁ አይነሳም። ደላላው በሩን ከፍቶ «ይሄ እኮ ቆንጆ ነው» ሲለኝ እኔ የሆነ እንግሊዛዊ ከዓመታት በፊት በጻፈው ነገር እየተመራሁ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ከወሰንን በኋላማ ይብሳል። መኪና የሚያሳብዳቸው ጓደኞቼን አይቻለሁ፤ ሪቪው አጥብቀው የሚያነቡት ለመምረጥ አይደለም። የመረጡትን የሚያሞግስላቸው ፍለጋ ነው። አምስት አንብበው ለእኔ የሚልኩልኝ አንዷን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከፎከስ ቀጥሎ በ2000 ያንኑ የአውሮፓ ሽልማት የወሰደው ቶዮታ ያሪስ ነው። ያሪስ ማለት የእኛው ቪትዝ ነው። ጃፓን ውስጥም በዚያው ጊዜ የዓመቱ መኪና ተብሏል። ስለዚህ «ቪትዝ ግዛ» ያሉኝ የሰፈሬ ሰዎችና የአውሮፓ ዳኞች ተስማምተዋል። ይህን የነገርኩት ጎረቤቴ «እና ለምን ታዲያ አልገዛህም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ግዢው ራሱ ቀላል ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደላላ አገናኘኝ። መካኒክ ይዤ ሄጄ አሳየሁት። ሞተሩን ሰማ፣ ሥር ገብቶ አየ፣ «ንጹህ ነው» አለ። ውልና ማስረጃ ገብተን ተፈራረምን። ስም ተዛወረ። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ገባሁ። ነዳጅ ሞልቼ ወደ ጅማ።

መንገዱ ላይ መጽሔቶቹን ከልቤ አመሰገንኩ። ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ጊቤ ስትወርዱ ያለውን ጠመዝማዛ ታውቁታላችሁ። መሪው ያሉትን ሁሉ ነው። ሽቅቡ ላይ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታው በግምት 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። ጅማ ከ1700 ሜትር በላይ ናት። መጽሔቱ 100 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር እዚህ 82 አካባቢ ነው። የሩጫ ሰንጠረዡን እርሱት፤ ለእኛ አልተለካም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ነዋሪነቴ ጅማ ስለሆነ የመኪናው ፋይል ወደዚህ ይምጣ ተባለ። ደንቡም እንደዚያ ነው ተባልኩ። ለምርመራ ወሰድኩት። መርማሪው ኮፈኑን አስከፈተኝ። ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ላሜራ በጨርቅ ጠረገ። አሁንም ጠረገ። የሚፈልገው ሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም አካሉ ላይ የተመታውን የመኪናውን መለያ ቁጥር ነው፤ ቶዮታ ላይ የለመደው ቦታ እዚያ ነው።

«ሻንሲ ቁጥሩ የታለ?»

በፊት መስታወቱ በኩል ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ቁጥር አሳየሁት።

«ይሄ ተለጣፊ ነው፣ ይነቀላል። ብረት ላይ የተመታውን አሳየኝ ወንድሜ።»

ጥያቄው ልክ ነው። በዚህ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ቀጥሎ ባደረገው ነው። «እንፈልገው» ወይም «አጣርተህ ና» ማለት ሲችል ቅጹ ላይ «ሻንሲ ቁጥር አልተገኘም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። እነዚህ ሦስት ቃላት መኪናዬን በአንድ ጊዜ ተጠርጣሪ አደረጉት። ቀጣዩ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ቅጹን አይቶ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አስተያየቱ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

አንድ የእንግሊዝ መጽሔት አለ፣ ኦቶካር የሚባል። ከ1895 ጀምሮ ይታተማል። የመኪና የመንገድ ፈተናን በ1928 የጀመርኩት እኔ ነኝ ይላል። ስለ ፎከስ መሪ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ማርሹ አገባብ የተጻፈውን እንዲህ ባሉ መጽሔቶች ላይ ጠግቤ አንብቤያለሁ። ቁጥሩ የት እንደተመታ የነገረኝ ግን የለም። ለምን ይነግረኛል? እሱ የሚጽፍለት ሰው መኪናውን ቁልፉን ብቻ ይዞ ነው የሚረከበው።

ቁጥሩን ያገኙልኝ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። ዱሮ የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ላይ ሠርተዋል። ጋሼ፣ ጉዱን ይዩልኝ ብዬ ነገርኳቸው። ሳቁ። የፊተኛውን ቀኝ በር ከፍተው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ከወንበሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ የመዳፍ ያህል የተቆረጠች ክዳን አለች። ካላወቃችኋት አታዩአትም። በካቻቢቴ ጫፍ አነሷት። ሥሯ ቀይ አፈር ተጋግሯል፣ አንድ የደረቀ የቡና ፍሬም ተሸጉጧል። አፈሩን ጠረጉና አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው አሹት። ወለሉ ብረት ላይ ደብሊው፣ ኤፍ፣ ዜሮ እያለ ወጣ። «ፎርድ እዚህ ነው የሚደብቀው» አሉኝ።

አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም።

መርማሪው ብረቱን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ብረቱ ላይ ዜሮ ነው። ሊብሬው ላይ ግን የፈረንጅ ፊደሉ ኦ ነው የተጻፈው። ከዓመታት በፊት አንዱ ጸሐፊ ዜሮን ኦ ብሎ መትቶታል። ከዚያ በኋላ የገዛ ሁሉ፣ ያዛወረ ሁሉ፣ ያተመ ሁሉ ወረቀትን ከወረቀት ጋር ብቻ ሲያመሳክር ኖሯል። አዲስ አበባ ላይ እኔ ስገዛም እንደዚያው። ብረቱን ያየ አልነበረም።

«ቁጥሩ አይገናኝም» አለ።

አስረዳሁ። ባለ 17 አሃዙ የሻንሲ ቁጥር በዓለም አቀፍ ደንብ ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉትን ፊደላት ጨርሶ አይጠቀምም። ምክንያቱም ከዜሮና ከአንድ ጋር ስለሚምታቱ ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ኦ ሊኖር አይችልም። ይህ ስሕተት ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው አስበውበት ነው ፊደላቱን ያስወጧቸው። በጥሞና አዳመጠኝ።

«ጥሩ። ይህን የሚል ደብዳቤ አምጣ።»

«ከማን?»

«ከሚመለከተው አካል።»

የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ የነገረኝ የለም። አዲስ አበባ ስሄድ «ፋይሉ ወጥቷል፣ ጅማ ጠይቅ» ይሉኛል። ጅማ ስመለስ «ስሕተቱ የእነሱ ነው፣ እነሱ ያርሙት» ይሉኛል። አንዱ ቀን ሲስተም የለም። አንዱ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በመጨረሻ ገና ከበሩ ስታየኝ «ኦቦ፣ ዛሬም አልመጣም» ማለት ጀመረች። በዚህ መሀል የቦሎው ጊዜ አለፈ። መኪናው ግቢ ቆሞ ዝናብ ይጠጣል። እኔ እሱን ለማስመዝገብ በአውቶቡስ እመላለሳለሁ።

የፈታችው አዲስ አበባ ያለች አንዲት ሠራተኛ ናት። ጎልማሳ ሴት ናት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋለች። እትዬ፣ ይህችን ዜሮ ይዩልኝ ብዬ የብረቱን ፎቶ ከሊብሬው ጋር ሰጠኋት። አየች። «ኦ እና ዜሮ ነዋ» አለች። ማረሚያ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታ፣ በታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። ሻይ ተፈልቶ ሳይወርድ አለቀ። ያን ጊዜ ደስ አላለኝም። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ለምን አሰቃያችሁኝ ነው ያልኩት። አሁንም የምለው እሱን ነው።

ከዚህ የተረፈኝን ልንገራችሁ፣ ቢሮዎቹ ከሚሉት ጋር ባይገጥምም። በመጀመሪያ የምትኖርበት ቦታ ፋይሉን አምጣ ይላሉ። እኔ ደግሞ ፋይል ካለበት አታንቀሳቅሱ እላለሁ። ስሙን፣ ምርመራውን፣ ቦሎውን፣ ሁሉንም እዚያው ጨርሱ። ፋይል አንዴ መንገድ ከጀመረ ሁለቱም ወገን የእኔ አይደለም ይላል። ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ደግሞ ብረት ላይ የተመታውን ቁጥር በዓይናችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ቶዮታ ያልሆነ ሁሉ ቁጥሩን የት እንደሚያስቀምጥ ቀድማችሁ እወቁ።

መጽሔቱንስ? አንብቡ። መጨረሻ ላይ የሚሰጡትን የኮከብ ደረጃ ግን ዝለሉት። አብዛኛው የመንገድ ፈተና ፋብሪካው ራሱ ባዋሰው፣ ታጥቦና ተስተካክሎ በቀረበ አዲስ መኪና ነው የሚሠራው። አሜሪካ ውስጥ ኮንስዩመር ሪፖርትስ መኪናውን በገንዘቡ ይገዛል፣ ማስታወቂያም አይቀበልም። ሞተር ትሬንድ ደግሞ በ1971 የዓመቱ መኪና ብሎ የሾመው ሼቭሮሌ ቬጋን ነው። ያ መኪና ብዙም ሳይቆይ በሚግል የአሉሚኒየም ሞተሩና በዝገቱ ስሙ ጠፋ። ዳኞቹ አልዋሹም። አዲሱን ነው የነዱት። እናንተ የምትገዙት አሮጌውን ነው። ስለዚህ ለወራት ነድተው የጻፉትን ፈልጉ፣ የባለቤቶችን ቅሬታ የሚሰበስበውን ገጽ ፈልጉ። ከቁጥር ሰንጠረዡ ደግሞ ከመሬት ያለውን ከፍታ እዩ፤ ከዜሮ እስከ መቶ የሚለውን የፍጥነት ቁጥር ተዉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ የተሞገሰው የኋላ እግር ክንዱ ብዙ ነው፤ ክንዱ በበዛ ቁጥር ቡሹም (መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ) ይበዛል። የእኛ መንገድ ቡሽ ይበላል። መካኒኬ መጀመሪያ ጊዜ ሥር ገብቶ «ይሄ ሰውዬ ስንት እጅ ነው ያለው?» ነበር ያለኝ። ዛሬ ከነዳጅ ቀጥሎ ብሬን የሚወስደው ሽልማት ያሸለመው ክፍል ነው። ዕቃው ጅማ የለም፤ ከአዲስ አበባ አስጭኜ ነው። ቢሆንም ወደ አጋሮ ስነዳው አይቆጨኝም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ካቆመ ወዲህ ጓደኞቼ ሁሉ ስለ ባትሪ ነው የሚያወሩት። አንዱ ቮልስዋገን አይዲ ፎር ሊገዛ ነው። የእንግሊዝ ግምገማ ስልኩ ላይ ይዞ ይዞራል። እዚህ የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ ቻይና የተሠራው ነው አልኩት። የቻርጅ መሰኪያው ከአውሮፓው ይለያል። ስክሪኑ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ሻጩ የሚነግርህ ርቀትም በቻይና አለካክ የተለካ ነው፣ ከአውሮፓው አለካክ ያበዛል። ጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጊቤ ወርደህ መልሰህ ትወጣለህ። መጀመሪያ መሰኪያውን አሳየኝ በለው አልኩት።

እሺ አለኝ። ማታ ላይ ሌላ ሪቪው ላከልኝ። አራት ኮከብ።