«ጭንቀት ነው» ተብዬ የተመለስኩበት ሕመም

ከድሮም ስለ ጤናዬ እጨነቃለሁ። ራስ ምታት ሲመጣ የጭንቅላት ዕጢ፣ ደረቴ ሲወጋኝ የልብ ሕመም እያልኩ ዓመታት ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ጭንቀትን በደንብ አውቀዋለሁ። ድንገት ይነሳል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይበረታል፣ ትንፋሽ ስለሚፈጥን ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ከዚያ ይለቃል። እንግዳ ቤት ሲገባ ይረሳኛል። ዛሬ ደረት ላይ ከሆነ ነገ ሆድ ላይ ነው።

አምና የመጣብኝ ግን እንዲህ አልነበረም። በዐቢይ ጾም ከሳሁ፤ ሁሉም «ጾሙ ነው» አለ። ፋሲካ አልፎ ዶሮውም ቅቤውም እየተበላ ኪሎዬ መውረዱን ቀጠለ፤ ከ64 ወደ 57። ያውም ከወትሮው አብዝቼ እየበላሁ። ቡና ስቀዳ እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ቀድማ ያየችው ጎረቤቴ ናት። በሐምሌ ብርድ ሰው ጋቢ ሲደርብ እኔ መስኮት እከፍት ነበር።

ካርድ አወጣሁ፣ ግፊቴ ተለካ፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሳሁ።

ሐኪሙ የቀድሞ ካርዴን ገለጠ። «ጭንቀት» የሚለው ላይ ዓይኑ ሲያርፍ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ውሃ በላው። ስለ ኪሎዬ ስነግረው «ስለምታስቢ ነው» አለኝ። ስለ እጄ ስነግረው «ቡና ቀንሺ» አለኝ። እጅሽን ዘርጊ አላለኝም፣ አንገቴንም አልነካም። ኢሲጂው ላይ ልቤ በደቂቃ 118 ጊዜ ይመታ ነበር፤ ያረፈ አዋቂ ልቡ የሚመታው ከ60 እስከ 100 ነው። ይህንን ሳሳየው «ምርመራው አስፈርቶሽ ነው» አለና የእንቅልፍ ኪኒን ጽፎ አሰናበተኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። የሚጨነቅ ሰው እንደማንኛውም ሰው ይታመማል። አንገት መዳሰስ ደግሞ መሣሪያ አይጠይቅ፣ ገንዘብ አይጠይቅ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅ።

እንደኔ ለሚጨነቅ ሰው «ራስሽን አትከታተዪ፣ የልብ ምትሽን አትቁጠሪ» ይባላል። በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ መቁጠር ጭንቀቱን ያባብሳል፣ እውነት ነው። እኔ ግን ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ አንዴ ብቻ ቆጥሬ እጽፍና ደብተሩን እዘጋለሁ፤ ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ እወጣለሁ። እህቴ እንቅልፍ ከወሰደኝ በኋላ አንጓዬን ይዛ ቆጠረች፤ ያኔም ከ100 በላይ ነበር። ጥርጣሬዬ ያለቀው ያን ለሊት ነው። የፍርሃት ስሜት ለሊት ቢመጣ ሰውን ይቀሰቅሰዋል፤ አስተኝቶ ልቡን ሲያስሮጠው አያድርም።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ በቁጥሩ ጀመርኩ። ኪሎዬን፣ የልብ ምቴን፣ ጎረቤቴ ያየችውን ተናገርኩ፤ ጭንቀቴን መጨረሻ ላይ ነገርኳት። እናንተም አትደብቁት፣ ግን አታስቀድሙት። ሐኪሟ አንገቴን ዳሰሰች፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ምርመራ አዘዘች። ዕጢውን ሥራ የሚለው ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ ወርዶ፣ ዕጢው ራሱ የሚያመነጨው ቲ4 ከፍ ብሎ መጣ። ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ ነበር። በዓይን የሚታይ እብጠት አንገቴ ላይ አልነበረም።

መዝግቦ መጠበቅ ጊዜ ለሚሰጥ ሕመም ነው። ደረት ላይ ተጭኖ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከላብ ጋር ከመጣ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ጭንቀት መሆን አለመሆኑ ሐኪም ቤት ይለይ።

ፒቲዩ የሚባል የዕጢውን ሥራ የሚቀንስ ኪኒን ጀመርኩ፤ ምቴም ኪሎዬም ተመለሰ። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴልን አልፎ አልፎ በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ እንደሚችል የነገረችኝ ፋርማሲስቷ ናት። ይህን የሚውጥ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው «ጉንፋን ነው» ወይም «መጨነቄ ነው» ብሎ አያሳድር፤ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ደሙን ያስመርምር።