አምስተኛው ወረቀት

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ስገባ የቅምሻው ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነበር። ሐሙስ ማታ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ። 18 የቡና ናሙናዎች ከጅማ ወረዳዎች፣ ከማና፣ ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ኮሳና ከሰቃ ጨቆርሳ የገበሬ ማኅበራት መጥተው 5 ቀማሾች ቀምሰዋቸዋል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ይላካሉ። እኔ ቀማሽ አይደለሁም። ናሙና እቀበላለሁ፣ ኮድ እሰጣለሁ፣ ቁጥር እደምራለሁ።

ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና የቀማሾቹን 5 ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቼ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ልማዴ ነው፤ ልማዱም የመጣው ከአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር፣ ከዩሮቪዥን ነው።

ይህን የዘፈን ውድድር መከታተል የጀመርኩት እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ነው። ከኤርትራውያን ወላጆች ጣሊያን ውስጥ የተወለደችው ሰንሂት ለሳን ማሪኖ ትዘፍናለች ሲባል ሰምቼ ልያት ብዬ ከፈትኩ። እሷ ለፍጻሜው ሳታልፍ ቀረች፤ እኔ ግን ውድድሩን ሳልለቅ ቀረሁ። በዓመቱ ወላጆቿ ከሞሮኮ የሆኑት ሎሪን ለስዊድን ዘፍና ባኩ ላይ ስታሸንፍ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ በየግንቦቱ አንድ የቅዳሜ ሌሊት የእሱ ነው። ፍጻሜው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምርና ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ጅማ በግንቦት ዝናቧ ከባድ ነው፤ መብራት ቢሄድ እንኳ እንዳያመልጠኝ ስልኬን ከቀን ጀምሬ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ፓኬጅም ቀደም ብዬ እገዛለሁ።

ያኔ ከኢትዮጵያ ሆኖ ድምፅ መስጠት አይቻልም ነበር። ከተወዳዳሪ አገሮች ውጭ ያለው ሕዝብ ድምፅ ተደምሮ እንደ አንድ አገር መቆጠር የጀመረው በ2023 ነው። ስለዚህ ለእኔ የቀረልኝ ቁጥሮቹን ማንበብ ነበር። በዚያን ዘመን በየአገሩ 5 የሙያ ዳኞች ነበሩ። ፍጻሜው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ዳኛ ዘፈኖቹን እንዴት እንዳስቀመጠ ይፋ ይሆናል። እኔም እሑድን ሙሉ እሱን ሳነብ እውላለሁ። ዘፈኑን የሚወድ ብዙ ነው፤ እኔ ሠንጠረዡንም እወዳለሁ። ማን ከማን ጋር እንደተስማማ፣ ማን ብቻውን እንደቆመ ከዘፈኑ ያላነሰ ይናገራል።

በእነዚያ ቁጥሮች ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። ዳኛው ዘፈኖቹን ሲደረድር 1 ማለት ምርጥ ነው። አገሩ ነጥብ ሲሰጥ ግን ምርጡ የሚያገኘው 12 ነው፤ ቀጥሎ 10፣ 8፣ ከዚያ ከ7 እስከ 1 ይወርዳል። አንዱ ጋ ትንሹ ይበልጣል፣ ሌላው ጋ ትልቁ። በፈረንጆቹ 2016 ስቶክሆልም ላይ አንዲት የዴንማርክ ዳኛ ይህ ተምታቶባት ዝርዝሯን ገልብጣ ሞላች። የዴንማርክ ዳኞች 12 ነጥብ ለዩክሬን የሄደው በዚህ ነበር። ዩክሬን ያለዚያም ታሸንፍ ነበር፤ ዳኛዋ የፈለገችው ግን ያንን አልነበረም። ስህተቱ የታወቀው ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ነው።

ወደዚያ ዓርብ ልመለስ። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2011 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2019 ነው። በቀማሾቹ ወረቀት ላይ ናሙና 7 ከአራቱ ቀማሾች 17፣ 16፣ 18፣ 15 አግኝቷል። ከአምስተኛው 1። አራቱ 2፣ 1፣ 3፣ 1 የሰጡት፣ ከእነሱም ሁለቱ ‹‹ሻጋታ ይላል›› ብለው የጻፉበት ናሙና ደግሞ ከአምስተኛው 18 አለው። ከላይ እስከ ታች አብዛኛው እንደዚያው ነው። ደረቴ ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ። አምስተኛው ወረቀት የተገለበጠ ነው።

ወረቀቱን የሞሉት ከሁሉም በዕድሜም በሙያም የሚበልጡት ቀማሻችን ናቸው። ምላሳቸውን የሚጠራጠር ሰው ቢሯችን ውስጥ የለም። ጥፋቱም የእሳቸው አልነበረም፤ የእኔ ነው። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ‹‹ከ1 እስከ 18 ቁጥር ይስጡ›› ይላል፤ የትኛው ቁጥር እንደሚበልጥ አይልም። ድምሩ ከፍ ያለው እንዲያሸንፍ፣ እንደ ዩሮቪዥኑ ነጥብ፣ ትልቁን ለበላጩ አደረግሁት። ለአራቱ በቃል ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ከገጠር ሲመለሱ መኪና ዘግይቶባቸው ሲገቡ ውሃው ስኒዎቹ ላይ ፈስሷል። ውሃ ከፈሰሰ በ4 ደቂቃ ገደማ ላዩ ላይ የሰፈፈው ቡና በማንኪያ መሰበር አለበት፤ ሰው አይጠብቅም። ማንኪያቸውን አንስተው ገቡ። እኔም ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ቁጥሩን አቅንቼ ደመርኩ። በተለጠፈው ውጤት ናሙና 7 በ67 ነጥብ 4ኛ ነው፣ ከኤግዚቢሽኑ ውጭ። ናሙና 11 በ69 ነጥብ 3ኛ ነው። ሲቃና ናሙና 7 በ84 ነጥብ 1ኛ ይሆናል፣ ናሙና 11 ወደ 58 ይወርዳል። ኃላፊያችን ደግሞ ለናሙና 11 ማኅበር ሊቀመንበር ሐሙስ ማታውኑ ደውለው የምሥራች ነግረዋቸዋል።

መጀመሪያ ወደ ቀማሹ ሄድኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹‹ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ 1 ያሉት የትኛውን ነው?›› አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

‹‹1 አንደኛ አይደለም እንዴ ልጄ?››

ነገሩን አስረዳኋቸው። አልተቆጡም። ወረቀቱን ይዘው ተነሡና ‹‹ነይ፣ አብረን እንግባ›› አሉኝ።

ኃላፊያችን ከበዳቸው። ‹‹አንዴ ወጥቷል፤ ሰው ደስ ብሎታል። በሚቀጥለው ዓመት እናርመው›› አሉ። ያኔ ከሁለት ቀን በፊት ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ቴል አቪቭ ላይ በተካሄደው ፍጻሜ የቤላሩስ ዳኞች የግማሽ ፍጻሜ ምርጫቸውን ቀድመው በማውራታቸው ተሰናብተው ነበር። አዘጋጆቹ በእነሱ ፈንታ ያሰሉት ነጥብ በሰው ስህተት ተገልብጦ ወጣ። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት በአራተኛው ቀን አረመው። ኔዘርላንድስ ያው አሸናፊ ሆና ቀጠለች፤ ግን በዳኞች ነጥብ ቀዳሚ የተባለችው ስዊድን ቦታውን ለሰሜን መቄዶንያ ለቀቀች፤ በጠቅላላ ውጤትም ስዊድንና ኖርዌይ 5ኛና 6ኛ ቦታ ተለዋወጡ። ‹‹እነሱ ማንም ዋንጫ ሳይቀየርበት አርመዋል። የእኛ ግን አንደኛውን ከውጭ አስቀርቶታል›› አልኩ። ኃላፊያችን ዩሮቪዥን ምን እንደሆነ አያውቁም። ቀማሹ ግን ‹‹ምላሴ ያላለውን በስሜ አትለጥፉብኝ›› ብለው ጨረሱት።

ለናሙና 11 ሊቀመንበር እኔ እደውላለሁ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ሌላ ሰው እንዲደውል አልፈለግሁም። ስልኩን ሲያነሡ ከበስተጀርባቸው የሰው ሁካታ ይሰማል፣ ሳቅም አለ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ‹‹አባባ?›› አልኩ። ‹‹አለሁ። ለሰው ተናግሬያለሁ እኮ፣ ልጄ›› አሉ። ‹‹የእኔ ጥፋት ነው፤ ሰኞ ከመጡ ወረቀቶቹን በሙሉ አሳይዎታለሁ›› አልኳቸው። እሺም እምቢም ሳይሉ ዘጉት። ቅዳሜንና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩ እኔ አውቃለሁ።

ሰኞ በጠዋት መጡ። 5ቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁላቸው። የናሙናቸውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ቁጥሮቹን ቶሎ አለፏቸው፤ ከጎን የተጻፈው ላይ ቆሙ። ሁለት ቀማሾች ‹‹መሬት መሬት ይላል›› ብለው ጽፈዋል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። መመለስ ስላልቻልኩ ቀማሹን ጠራኋቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ጀንፈል፣ ሳይፈለፈል ስለሚደርቀው ቡና፣ አደራረቅ ሲያወሩ አረፈዱ፤ የማኅበሩ ሰዎች የሚያደርቁት መሬት ላይ ነበር። ሊቀመንበሩ ሲወጡ የወረቀቶቹን ኮፒ ጠየቁኝ፤ አንሥቼ ሰጠኋቸው፣ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

በተከታዩ ጥር ደወሉ። ‹‹ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ ሠርተናል። ናሙና መቼ ትቀበላላችሁ?›› ነገርኳቸው። ‹‹ዘንድሮስ የሚበልጠው ትልቁ ነው ትንሹ?››

‹‹ትልቁ ነው አባባ። በደማቁ ጽፌዋለሁ፤ ሁሉም ወረቀት ላይ፣ ከላይ።››