የመስቀል ወፍ የትም አልሄደም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ! ደመራውን አብራችሁን ያያችሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

ሰሞኑን ስንደዋወል ብዙዎቻችሁ «እናንተማ የመስቀል ወፍ ሆናችሁ» ብላችሁናል። እውነት ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ደሴ ላይ አንገኝም። እኔና ባለቤቴ በጠዋት ሚኒባስ ይዘን ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲውጠን ጃኬታችንን እስከ አንገት እንቆልፋለን፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬቱ ክንዳችን ላይ ነው። አንድ ካሜራ፣ አንድ ባይኖኩላር፣ ቡና በፔርሙዝ፣ በቃ። ጊዜ ካለን የጎፍ ደን እንወጣለን። ካጠረን ቦርከና ወንዝ ዳር እንቀመጣለን።

አምና በመስቀል ሰሞን ቦርከና ዳር፣ ፊላው መሃል አየነው። ድንቢጥ የሚያህል ወፍ ነው፤ ግንባሩና ሆዱ ጥቁር፣ አንገቱና ጀርባው ፍም የመሰለ ቀይ። ቀጭን ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ላባውን ሲነፋ ድብልብል ኳስ ይሆናል፣ ከዚያ እንደተነፋ ቀስ ብሎ ከአንዱ ፊላ ወደ ሌላው ይበራል፣ ጥንዚዛ ይመስላል። ባለቤቴ ትንፋሿን ውጣ ሰላሳ ጊዜ ያህል አነሳችው። አንዱ ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ። ጎጆ የሚሠራበትን ሣር በምንቃሩ ይዟል።

ህዳር ላይ እዚያው ቦታ ተመለስን። ቀይ የሚባል ነገር የለም። መስመር መስመር ያለባቸው ቡናማ ትናንሽ ወፎች በመንጋ ይነሳሉ፣ ያርፋሉ። «ድንቢጥ ናቸው፣ እንሂድ» አልኳት። አልሰማችኝም፣ ታነሳለች። ማሽላ የሚጠብቁ አንድ አባት ወንጭፋቸውን እንደያዙ መጡና «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«የመስቀል ወፍ ፈልገን ነው አባባ።»

«እነዚህ አይደሉም እንዴ! የት ይሄዳሉ? ማሽላዬን ማን እየበላብኝ ነው ታዲያ?»

ማታ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ስናጎላው የአንዱ ጉሮሮ ላይ ሦስት አራት ቀይ ላባ ቀርቷል። በቡናማው መሃል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ሰዓት ዝም ብዬ አየሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ያ ወፍ በዓመት አንዴ ከሆነ ሩቅ አገር መጥቶ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። የመስቀል ወፍ የምንለው አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም፤ ቀዩም አለ፣ ጭራው ከአካሉ የሚረዝመው ጥቁርና ነጩም አለ። ወንዶቹ ዝናብ ሲመጣ፣ በመራቢያቸው ወራት፣ ያን ያማረ ላባ ያወጣሉ። ወራቱ ሲያልፍ ይረግፍና ሴቷን ይመስላሉ። እዚሁ ናቸው፣ ማሽላ ውስጥ፣ ከዓይናችን ሥር። ሴቷማ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ስለሆነች የመስቀል ወፍ ብሎ የሚጠራት የለም። ይሄ ባለቤቴን ያንገበግባታል። ቀዩ ሦስት አራት ጎጆ ሠርቶ ከአንዷ ወደ አንዷ ሲል፣ እንቁላሉን የምትታቀፈውም ጫጩት የምትመግበውም እሷ ናት።

ስለዚህ ዘንድሮ ከሰኔ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እዚያው ፊላ ዳር ነበርን። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ዝናቡ ሌንሱን ያጉመዋል፣ አንዳንድ ቀን አንድም ፎቶ ሳንይዝ ቆሎ ቆርጥመን ተመልሰናል። ስልክ ያላነሳንላችሁ ያኔ ነው፣ ይቅርታ። ቀጣዩ ቅዳሜ ላይ መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ እንገናኝ። ቡናው ከእኛ ነው፣ ቦት ጫማ ብቻ አድርጉ።

ለበዓል የላክንላችሁን ፎቶ ቀረብ አድርጋችሁ እዩት። ፊላው ላይ በምንቃሯ ትል ይዛ የቆመችው ቡናማዋ ወፍ ናት። ቀዩ ከኋላዋ ደብዘዝ ብሎ ይታያል።